«ካመንን እንወጣዋለን» ለሚል የጉዞ ጓደኛ ምን ይመለሳል?

መንገደኛዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ከጓደኞቼ ጋር ሰው የማይደርስበት ተራራና ጫካ በእግር እንሄዳለን። ሃይማኖታችን የተለያየ ነው። ክርስቲያን አለ፣ ሙስሊም አለ፣ በዚህ በኩል ምንም የማይል አለ። በዚህ ተጣልተን አናውቅም ነበር። ባለፈው ጉዞ ግን ነገር ተበላሸ። ወደ ጫፉ ስንቃረብ ጉም ወረደብን። አንዷ ጓደኛችን ከጠዋት ጀምሮ ራሷን ሲያማት ነበር፤ እዚያ ላይ ማስመለስ ጀመራት። የሚመራን ልጅ «እንውረድ» አለ። አንዱ ግን ቦርሳውን መሬት ላይ ጥሎ ቆመ። «ጸልየን ነው የወጣነው። እዚህ ያደረሰን አምላክ መንገድ ላይ አይጥለንም። የፈራ ካለ እምነት የጎደለው ነው» አለ።

አፍ አውጥቶ የመለሰለት የለም። እምነት የለህም መባልን ማን ይወዳል? በመጨረሻ ወረድን። ግን ለሁለት ተከፍለን፣ ግማሹ ከፊት ግማሹ ከኋላ፣ ሳንነጋገር ነው የወረድነው። የታመመችው ልጅ እስከ ታች ድረስ «ይቅርታ፣ በኔ ምክንያት» እያለች ነበር። እስካሁን የሚከነክነኝ እሱ ነው።

አሁን ከዚያ የሚከብድ መንገድ አስበናል። ቀናት ይፈጃል፣ ኔትወርክ የለውም። ያ ልጅም ይመጣል። ክፉ ሰው አይደለም። ጉልበተኛ ነው፣ የሰው ሸክም ሳይጠየቅ ይቀበላል። እንዲህ ያለ ሰዓት ሲመጣ ጸሎትና ውሳኔ እንዴት ነው አብረው የሚሄዱት? የሃይማኖት ክርክር እንዳታደርጉብኝ ብቻ፣ አደራ።

ቀስ_በቀስ

መጀመሪያ የጤናውን ላንሳ። ከ2,500 ሜትር በላይ ከነበራችሁ፣ ራስ ምታት ላይ ማስመለስ ሲጨመር ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው ብሎ መያዝ ነው። ምልክቱ እያለ ወደ ላይ አይኬድም። እየባሰ ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ከ300 እስከ 1,000 ሜትር መውረድ ብዙ ጊዜ ለውጥ ያመጣል። ችላ ከተባለ ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ ሊጠራቀም ወይም አንጎል ሊያብጥ ይችላል። ሁለቱም ይገድላሉ። ሕመሙ ወጣት ነው፣ ስፖርተኛ ነው አይልም። ጻድቅና ኃጢአተኛም አይለይም።

ለሚቀጥለው ጉዞ፦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የምታድሩበትን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። በየ3 ወይም 4 ቀኑ እዚያው ከፍታ ላይ አንድ ሌሊት ደግማችሁ እደሩ።

መሪያችሁ ልክ ነበር። ልጅቷ ይቅርታ መጠየቋ ግን ያሳስበኛል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲያማት ላትናገር ትችላለች።

ያልተሾመ_ሰባኪ

እህቴ፣ ለዚያ ልጅ ከራሱ መጽሐፍ መልሺለት። ዘኁልቁ ምዕራፍ 10ን ይክፈት። እስራኤል በምድረ በዳ ሲጓዙ ቀን የሚመራ ደመና፣ ሌሊት የሚመራ እሳት ነበራቸው። ከዚህ በላይ መሪ ከየት ይመጣል? ሙሴ ግን የሚስቱን ዘመድ ኦባብን «አብረኸን ና» ብሎ ለመነው። ሰውየው «አልሄድም፣ አገሬ እገባለሁ» ቢለውም አልተወውም። በበረሃ የት እንደሚሰፈር አንተ ታውቃለህ፣ ዓይናችን ሁን አለው። ደመናው ከራሱ በላይ ቆሞ እያለ መሬቱን የሚያውቅ ሰው ለመነ! ይህን እምነት ማነስ ያለው የለም።

ዘጸአት 17 ላይ ደግሞ ሕዝቡ ሲዋጋ ወደ ላይ ያነሣው የሙሴ እጅ ዛለ። አሮንና ሖር «ብታምን ኖሮ እጅህ አይዝልም ነበር» አላሉትም። ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፣ ግራና ቀኝ ሆነው እጁን ደገፉት። የናንተዋ ልጅ ያስፈለጋት እንዲህ ድንጋይ የሚያመጣላት ሰው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርና ልውጣ። ማቴዎስ 4 ላይ ከፍታ ላይ አውጥቶ «ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል» ያለው ማን ነበር? ጥቅስም ጠቅሷል እኮ፣ ያውም ከመዝሙረ ዳዊት።

ኮምፓስ

«የሃይማኖት ክርክር እንዳይሆን አደራ» ተብሎ ሁለተኛው መልስ ላይ ሰይጣን ገባ። ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ።

እኔ የማላምን ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ስለ ሰዓት ላውራ። በ1892 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ያወጣት ሒሳብ አለች፣ እስካሁን ይሠራባታል። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ሌላ 1 ሰዓት። 12 ኪሎ ሜትር ሆኖ 900 ሜትር ሽቅብ ካለው ወደ 4 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ይህ ለጤነኛ ሰው፣ ያለ እረፍት ነው። ፎቶ፣ ጭቃና ከባድ ቦርሳ አልተቆጠሩም። ቡድኑ የሚሄደው ደግሞ በቀርፋፋው ሰው ፍጥነት ነው።

ከዚህ ተነስታችሁ የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ። ጠዋት፣ ሆድ ሞልቶ፣ እግር ሳይዝል። ሰዓቱ ሲደርስ ጫፉ 100 ሜትር ቢቀረውም መዞር ነው። ያኔ ማንም ማንንም ፈሪ አይልም፤ የወሰነው ጠዋት ነዋ፣ ሁሉም በተሰበሰበበት።

የዚያ ልጅ ንግግር ክፋቱ ጸሎት ስላለበት አይደለም። ጥያቄው ስለ ጉምና ስለ ታመመ ሰው ነበር። እሱ ስለ ጓደኞቹ ልብ አደረገው። ከዚያ በኋላ መነጋገር ቀረ።

የኋላ_ደጀን

ልጆቼ፣ እኔ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የምሄደው። ዕድሜዬም ነው፣ ምርጫዬም ነው። ከፊት ያለው መንገዱን ያያል፣ ከኋላ ያለው ሰዎቹን ያያል።

ስለ ብርድ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ዝናብ ደብድቦን ካለፈ በኋላ ከፊቴ የሚሄደው ጎልማሳ የጃኬቱን ዚፕ ሊዘጋ ሲታገል አየሁት። የዚፑን ጫፍ ከማስገቢያው ማገናኘት አቃተው። ይሞክራል፣ ይስታል። ደግሞ ይሞክራል፣ ይስታል። ከዚያ ተወውና ደረቱን ከፍቶ መሄድ ጀመረ። «ደህና ነህ ወይ?» አልኩት። «በጣም ደህና ነኝ፣ እንደውም ብርዱ ለቀቀኝ» አለኝ። ምላሱ እንደ ሰካራም ምላስ ይጎተታል። ድንጋይ ባልነበረበት ቦታ ተደናቀፈ።

የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሃይፖተርሚያ ይባላል። እጅና እግር ብቻ አይደለም የሚደነዝዘው፣ ማሰቢያም አብሮ ይሄዳል። ለዚህ ነው ሰውየው ራሱን የማያውቀው። መንቀጥቀጥ እያለ ገና ተስፋ አለ። ሰው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ካቆመ ግን አደገኛው እሱ ነው። አስቆምነው፣ ነፋስ የማይመታበት ድንጋይ ሥር አስገባነው፣ እርጥቡን አውልቀን ደረቅ አለበስነው። ከሥሩ ምንጣፍ አደረግን፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ አቀፈው። መዋጥ ሲችል ጣፋጭ ነገር ሰጠነው።

ይህ ሰው እምነቱ ጽኑ ነው። እየተደናቀፈም «በእግዚአብሔር ኃይል እደርሳለሁ» እያለ ነበር። ማስመሰል አልነበረም። ግን ያን ሰዓት የሚናገረው እሱ ይሁን ብርዱ፣ እሱ ራሱ ሊለየው አይችልም። የሚለየው አጠገቡ ያለ ሰው ነው።

ሌላው የጸሎት ሰዓት ነው። እኔ የጸሎት ሰዓት ሲደርስ ደስ ይለኛል፣ ሁሉም ይቆማላ። ሙስሊም ጓደኞቻችን ጫማቸውን ሲፈቱ እግር ይታያል። ተረከዝ ላይ የቀላች ቦታ ያኔ ፕላስተር ካገኘች ውኃ ሳትቋጥር ትቀራለች። የማይሰግደውም ቁጭ ብሎ ጫማውን ይፍታ፣ ካልሲውን ይገልብጥ፣ ውኃ ይጠጣ። ኮምፓስ፣ አንተም ጭምር።

ኮምፓስ

እሺ ጋሼ።

ሙሳፊር

ጋሼ የኋላ ደጀን፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። የእግሩ ነገር እውነት ነው።

በኛ በኩል ያለውን ላካፍል። ሦስት ሆነው ለጉዞ የወጡ አንዳቸውን አሚር ያድርጉ የሚል ሐዲስ በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። ሦስት ሰው ብቻ ሆኖ እንኳ መሪ ያስፈልጋል ማለት ነው። መሪው ይመካከራል፣ ከዚያ ይወስናል፣ ሌላው ይከተላል። ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው የግመሉ ነገር አለ። ሰውየው «ግመሌን ልሰራትና በአላህ ልመካ ወይስ ልልቀቃትና ልመካ?» ብሎ ነቢዩን ሲጠይቅ፣ እሰራትና ተመካ ነው የተባለው። ካርታ፣ ገመድ፣ ተጨማሪ ባትሪ፣ የመመለሻ ሰዓት፣ ይኼ ሁሉ ግመሏን ማሰር ነው።

ቡድኑን እናስጠብቃለን ብለው የሚሳቀቁ ሙስሊም ተጓዦች አሉ። አያስፈልግም። ለመንገደኛ ባለ 4 ረከዓው ሶላት 2 ይሆናል። ብዙ ዑለማ ዘንድ ዙህርን ከዐስር (የቀትሩን ሶላት ከከሰዓቱ)፣ መግሪብን ከዒሻ (የምሽቱን ከሌሊቱ) ማጣመርም ይቻላል። ውኃው ለመጠጥ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ተየሙም፣ ማለትም በውኃ ፋንታ በንጹህ አፈር መንጻት፣ አለ። ዲኑ መንገደኛን ያውቀዋል። መንገደኛው ነው አንዳንዴ ራሱን የማያውቀው።

መዝሙር_ይቅደም

ሁላችሁም በዚያ ልጅ ላይ ዘመታችሁ። እኔ ትንሽ ልቁምለት።

የተናገረው አነጋገር አይደገፍም፣ በተለይ ሰው ታሞ እያለ። ግን «በቃ፣ አልችልም፣ እንመለስ» የሚለው ድምፅ ሁልጊዜ የአደጋ ድምፅ አይደለም። ብዙ ጊዜ የድካም ድምፅ ነው። ሽቅቡ መሀል ላይ ሁሉም ዝም ይላል፣ እያንዳንዱ የፊተኛውን ጫማ ብቻ እያየ ይራመዳል። ያኔ አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ መዝሙር ሲጀምር፣ ሌላው ሲቀበለው፣ እግር ራሱ ዜማውን ይይዛል። ትንፋሽ ይስተካከላል። ይህን ያየ ሰው እምነት ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው አይልም። ያ ልጅ ከሌለ ብዙ ቡድን ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ አፉን ዝጉ ከማለት በፊት አስቡበት።

መንገደኛዋ

መዝሙር ይቅደም፣ ይህን በማለትህ ደስ ብሎኛል፤ እሱ እንዲህ ዓይነት ሰው ነው። ግን ድካሙን ከአደጋው በምን ልለየው? እኔ ስደክም ሁሉም ነገር አደጋ ይመስለኛል። ሁለተኛ፣ ሙሳፊር መሪው ይወስን ብሏል። መሪው ራሱ «እንቀጥል» የሚለው ሰው ቢሆንስ?

የኋላ_ደጀን

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። አስቀምጪው። ነፋስ ከሌለበት፣ ልብስ ደርቦ፣ ይብላ፣ ይጠጣ። 15 ወይም 20 ደቂቃ ስጪው። ድካም ከሆነ ፊቱ ይመለሳል፣ ቀልድ ይገባዋል፣ «ስንት ቀረን?» ማለት ይጀምራል። ሕመም ከሆነ አርፎም ያው ነው ወይም ይብሳል። ከዚያ ቀጥ ባለ መስመር አስሂጂው፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት እያስነካ። ሚዛኑን መጠበቅ ካቃተው ጉዳዩ አንጎል ጋ ደርሷል። ያ ሰው ይወርዳል፣ አሁኑኑ፣ ጨለማም ቢሆን። ብቻውን ግን በፍጹም አይሰደድም።

ኤልያስንም አስታውሱ። በረሃ ገብቶ «ነፍሴን ውሰዳት» አለ። መልአኩ መጥቶ አልገሠጸውም። ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ «ተነሥና ብላ» ነው ያለው፣ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ውኃ፣ ከዚያ ነው ወደ ኮሬብ ተራራ የሄደው።

ኮምፓስ

ሁለተኛውን እኔ። ለመቀጠል የሁሉም እሺታ ያስፈልግ። ለመመለስ የአንድ ሰው ቃል ይብቃ። ያ ሰው ምክንያቱን በሚገባ ማስረዳት ባይችልም እንኳ። «ደስ አላለኝም» ካለ በቂ ነው፣ መሪውም ቢሆን አይሽረውም። መሪ የሚያስፈልገው በየት እንሂድ፣ የት እንደር፣ ማን ምን ይሸከም ለሚለው ነው።

ይህ ሕግ ጉዳት አለው፣ አልደብቅም። አንዳንድ ጫፍ በከንቱ ይቀራል። ተራራው ግን የትም አይሄድም።

ታሪክ_ወዳድ

ይህን ክር ሳነብ የዋልታ አሳሹ ኧርነስት ሻክልተን ትዝ አለኝ። መርከቡ ኢንዱራንስ በ1915 በደቡብ ዋልታ በረዶ ተጨፍልቃ ሰጠመች። በሚያዝያ 1916 (በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) እሱን ጨምሮ ስድስት ሰዎች ሌሎቹን ኤሌፋንት ደሴት ላይ ትተው በአንዲት ትንሽ ጀልባ ተነሡ፣ ወደ 1,300 ኪሎ ሜትር ባሕር አቋርጠውም በግንቦት ደቡብ ጆርጂያ ደሴት ደረሱ። ግን የደረሱት ሰው በሌለበት በኩል ነው። ሻክልተን፣ ፍራንክ ዎርስሊና ቶም ክሪን ካርታ የሌለውን የበረዶ ተራራ በ36 ሰዓት አቋረጡት። ድንኳን የለም፣ መኝታ የለም። 15 ሜትር ገደማ ገመድና አንድ የአናጢ መጥረቢያ ነበራቸው። በረዶው እንዳያንሸራትታቸው ጫማቸው ላይ ብሎን መቱበት።

አንድ ቦታ ሁለቱ ተቀምጠው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሻክልተን ሁሉም ከተኙ እንደማይነሱ ገባው። ከ5 ደቂቃ በኋላ ቀሰቀሳቸውና «ግማሽ ሰዓት ተኝታችኋል» አላቸው። ተነስተው ሄዱ።

ለዚህ ክር የሚሆነው ግን ሌላ ነው። በኋላ እንደጻፈው፣ በዚያ ጉዞ ሦስት ሳይሆኑ አራት የሆኑ ይመስለው ነበር። ለጓደኞቹ አልነገራቸውም። በኋላ እነሱም እንደዚያው ተሰምቷቸው እንደነበር ነገሩት። በ1933 ደግሞ ፍራንክ ስማይዝ ኤቨረስት ላይ ብቻውን ሲወጣ አንድ ሰው አብሮት ያለ ስለመሰለው፣ ከኪሱ ያወጣውን ጣፋጭ ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ሊሰጠው ዞረ። ማንም አልነበረም።

ኮምፓስ

ድካም፣ ረሃብ፣ የኦክስጅን ማነስ። አንጎል እንዲህ ያለ ነገር ይሠራል።

ያልተሾመ_ሰባኪ

ሊሆን ይችላል። ዳንኤል 3ን፣ እሳት ውስጥ ከተጣሉት ሦስቱ ጋር አራተኛ የታየበትን፣ ያነበበ ሰው ግን «አራተኛው» ሲባል ጆሮው ይቆማል።

መዝሙር_ይቅደም

ታሪክ ወዳድ፣ ዋናውን ዘለልከው እኮ! እነዚያ ሦስቱ ጫፍ ላይ ጉምና ሌሊት ሲደርስባቸው ገመዱን ጠቅልለው፣ እላዩ ላይ ተደርድረው ተቀምጠው፣ መጨረሻው በማይታይ ቁልቁለት ራሳቸውን ለቀቁት። ታች ለስላሳ በረዶ ላይ አረፉ። ይኼ እምነት ካልሆነ ምንድን ነው?

ታሪክ_ወዳድ

እውነት ነው። ግን ከዚያ በፊት የሆነውን እይ። ሌሎች ማለፊያዎችን ሞክረው፣ ወጥተው፣ ገደል መሆኑን አይተው ወርደዋል። ደክሟቸው ሳለ፣ ከአንድም ሁለት ጊዜ በላይ። ሻክልተን «እዚህ ያደረሰን አይጥለንም» ብሎ ከመጀመሪያው ገደል አልዘለለም። ሲንሸራተቱ ደግሞ እዚያ ማደር መሞት ነበር፣ ሦስቱም ተስማምተው ነው የተቀመጡት። ታች ሲደርሱ ተጨባበጡ። እናንተ ጋ ግን ወደኋላ የሚወስደው መንገድ ክፍት ነበር፣ ታች ድንኳን ነበር፣ ልጅቷም ታማ ነበር። ኤሌፋንት ደሴት ላይ የቀሩት 22 ሰዎች ነሐሴ 1916 አንድም ሳይጎድል ወጡ፤ ሻክልተን የሚቆጥረው እነሱን ነው።

መዝሙር_ይቅደም

እሺ፣ ይህን ተቀበልኩ። መዝሙሩን ግን አልተውም።

ቀስ_በቀስ

አንድ ተግባራዊ ነገር ለመንገደኛዋ። ያንን ጉልበተኛ ልጅ ከፊት አታስቀምጡት። የመጨረሻ ተራማጅ አድርጉት፣ ከጋሼ ቦታ ማለት ነው። ማንም ከሱ ኋላ እንዳይቀር ኃላፊነቱ የሱ ይሁን። ሸክም መቀበል ይወዳል ብለሻል፤ እዚያ ጋ ነው ሸክም የሚገኘው። ሰው እንዴት እንደሚደክም ቀኑን ሙሉ ካየ ንግግሩ ራሱ ይለወጣል። ለሁሉም ፊሽካ ስጡ። የተቸገረ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ ይነፋል፣ አንድ ደቂቃ ያርፋል፣ ይደግማል። የሰማው በደቂቃ 3 ጊዜ እየነፋ ይመልሳል። ይህ በአልፕስ ተራሮች የተለመደው ምልክት ነው፤ ሌላ ቦታ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ከምትሄዱበት አካባቢ ሰው አጣሩ።

መንገደኛዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ተሰብስበን ነበር፣ ይህን ክርም አነበብንላቸው። የመመለሻ ሰዓቱን ሁሉም ተቀበለ። አንድ ሰው «እንመለስ» ካለ መመለስ የሚለው ላይ ብዙ ተጨቃጨቅን፣ በመጨረሻ አለፈ። የታመመችው ልጅ ናት በጣም የተሟገተችለት።

ያ ልጅ የኦባብን ታሪክ ሁለት ጊዜ አስነበበን። የኋላ ደጀንነቱን ሲሰማ መጀመሪያ ቅር አለው፤ በኋላ «የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳው እኔ ጋ ይሁን» አለ። እሱም አንድ ቅድመ ሁኔታ አቀረበ። ከባድ ውሳኔ ሲመጣ፣ ከመወሰናችን በፊት ሁሉም በየእምነቱ የሚጸልይበት፣ የማይጸልየው ዝም የሚልበት 10 ደቂቃ ይሰጠን አለ። የማያምነው ጓደኛችን እስካሁን እያሰበበት ነው። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ሙሳፊር

መሬት እየተናደ ካልሆነ ጥሩ ሐሳብ ነው። ለኢስቲኻራም፣ ከውሳኔ በፊት የአላህን ምሪት ለምንለምንበት ሶላት፣ ይበቃል።

ኮምፓስ

እኔም እቀበለዋለሁ። የተናደደ ሰው 10 ደቂቃ ዝም ሲል ግማሹ ንዴት ይወጣለታል። ብቻ ከመጀመራችሁ በፊት ሁሉም ጃኬቱን ይልበስ፣ የታመመ ካለ ይሸፈን። ላብ ይዞ ቆሞ የሚጸልይ ሰው አሜን ሳይል መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

የኋላ_ደጀን

ዚፑንም እዩለት።